አሚ ስድስት

በዱዋርኔኔ ወደብ፣ ከሰርዲን ፋብሪካው ጀርባ፣
ጉዌናኤል አንድ ዝናባማ ቅዳሜ መኪና ሊገዛ ገባ።
ጋራዡ ጨለማ፣ በሩ ያቃስታል፣
ከሸራው ሥር አንድ ነገር ያደባል።
አርሜል ኬርቬላ ሸራውን ስትገፍፍ
አቧራው ተነሣ፣ እንደ ወፍ ሊከንፍ።

የኋላ መስታወቷ ወደ ውስጥ ያጋደለ፣
ነዳፊዋ ወረቀቱን ገልብጦ የያዘ የመሰለ፤
መብራቷ አራት ማዕዘን፣ ቅንድቧ የከበደ፣
ከእንቅልፍ ቀስቅሰዋት ፊቷ የነደደ።
ስሟ አሚ ነው። አሚ፣ በእነሱ አፍ ወዳጅ፤
በእኛ አፍ ግን አሚ የነገር አዋላጅ፣
የቤት ጉድ ይዛ የምትወጣ ደጅ።
(የትኛዋ እንደሆነች ወደ ኋላ እናያለን፤
ለጊዜው ዋጋ እንጠይቃለን።)

"አራት ሺህ ሁለት መቶ" ብላ ቆረጠች።
"ባሌ ሲወዳት ኖረ፤ እኔ አንድ ቀን ሳልገባባት አረጀች።
ስትሄድ ትወዛወዛለች፣ ሆድ ታገላብጣለች፣
እንደ ጀልባ ናት፤ ጀልባም አልወድ" አለች።

ተንበርክኮ በጣቱ ወለሏን ቢዳብሰው
እጁ ላይ ወደቀ፣ ዝገት እንደ ዳቦ የቆረሰው።
ብልህ ገዥ ቢሆን ዋጋ ያስቀንስ ነበር፤
እሱ ግን ቆጠረላት፣ ጆሮው እየቀላ በማፈር።
ሚስቱ ቲፌን ደጅ ቆማ አየችው ሲያስጎትት፤
"ጣራችን ሲያንጠባጥብ፣ ዘይት የሚያንጠባጥብ ጨመርክበት!"

ከዚያ በኋላ ክረምት። ማታ ማታ ከሥራ ሲወጣ
(የደሴት ጀልባ ቲኬት ነው የሚቆርጠው) ቱታውን ለብሶ መጣ።
መፍቻ ቁጥር አሥራ አራት፣ ካቻቢቴ፣ የግራሶ ጣሳ፤
አንድ ቡሎን ሦስት ማታ እምቢ ብሎ በአራተኛው ልቡ ሳሳ።
ሁለት ሲሊንደር ብቻ፣ ውኃ የማይጠጣ ሞተር፣
በንፋስ የሚበርድ፣ ልክ እንደዚያ ሰፈር።
ካንዴላውን ጠረገ፣ ካርቡራተሩን አጠበ፣
ያልገባውን ከወፍራም የጥገና መጽሐፍ አነበበ።
ደስታው መንዳት አይደለም ገና፤ ደስታው
ጥቁር ጥፍር ነው፣ ሳሙና የማያስለቅቅ፤
አንድ ኩሽኔታ በቦታው
ሳይጮኽ ሲዞር መስማት፣ ትንፋሽ ይዞ ሲጠብቅ።

አንድ ማታ የቀኙን ወንበር ልብሱን ሊቀይር ፈታ፤
ማንም ያልተቀመጠበት የተባለው ቦታ
እንደ ሹፌሩ ወንበር ረግቧል፣ የሰው ቅርጽ ይዟል፤
ከምንጣፉ ሥር የሴት ፀጉር ማስያዣ ወድቋል፤
ቡናማ፣ አንድ ጥርሱ የጎደለ።

አየህ? መኪናይቱ ማማት ጀመረች፤
ሟቹን፣ መቃብሩ ሳይደርቅ፣ ለባዳ ነገረች።
ጉዌናኤል ማስያዣውን በጨርቅ ጠቀለለ፤
ለቲፌን አልነገረም። "ከእኔ ጋር ይቅር" አለ።
ግን ሐሜት እንደ ዘይት ነው፤ ብትወትፈው ይወርዳል፣
ጠዋት ሲሚንቶው ላይ ክብ ሠርቶ ይጠብቅሃል።

በግንቦት ሞተሩ አስነጥሶ፣ አስነጥሶ፣ ተነሣ።
ቲፌንም ሳቀች፤ ጣራው ለአንድ ቀን ተረሳ።
ወደ አርሜል ደጅ ነዳት። "ይኸውና፣ ትሄዳለች" አለ፤
አሮጊቷ ከደረጃው ወረደች፣ ዓይኗ ወንበሩ ላይ ዋለ።
እጁ ኪሱ ውስጥ ጨርቁን ጨብጦ ያመነታል፤
መስጠት አንድ ጥፋት ነው፣ አለመስጠትም ይሆናል።

እሷ ግን ሳይጠይቃት በቀኝ በኩል ዞረች።
ያን በር ለመክፈት እሱ አንድ ወር ታግሏል፣ ጎትቶ፣ በጉልበቱ መታ፤
እሷ በአንድ እጇ ከፈተችው፣ ሳታመነታ።

"አንድ ቀን አልገባሁም ያልኩህን ዋሸሁ።
ሠላሳ አንድ ዓመት እሑድ እሑድ እዚህ ተቀምጬ ባሕር አየሁ።
ወድጃታለሁ ብልህ ኖሮ አለቅስ ነበር፤
ሻጭ ካለቀሰ ደግሞ ዋጋው አይከበር።"

ማስያዣውን ሰጣት። ነጭ ፀጉሯ ላይ ሻጠችው፤
አልያዘም፤ ተንሸራቶ ወንበሩ ሥር ገባ። ሊያነሣ ሲል
"ተወው፣ ቦታውን ያውቃል" አለችው።

ማርሹን ከፊቱ ሳበ፤ በባሕሩ ዳር ወጡ።
አንድ ያልጠበቀ ቡሎን ከሥራቸው ያወራል፣ ያወራል፤
ሰምቷል ጉዌናኤል። ነገ፣ ወይ ከነገ ወዲያ፣ ያጠብቀዋል።